ቱኩምካሪ ላይ ያነሳሁት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት በአሮጌው ሩት 66 ኒው ሜክሲኮ፣ ቱኩምካሪ ገባሁ። መንገዱ በ1926 ተሰይሞ በ1985 ተሰርዟል (እ.ኤ.አ. ነው፤ "ቲቸር ተሳስተዋል" እንዳትሉኝ)። መኪናው ሁሉ አሁን በ40 ቁጥር ሀይዌይ ነው የሚያልፈው። የብሉ ስዋሎው ሞቴል ኒዮን ሲበራ ያምራል፣ ግን እሱን ያላነሳ የለም። እኔን ያቆመኝ ራቅ ብሎ ያለ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ነው። የዋጋ ሰሌዳው ባዶ፣ ደጁ ላይ ሳር በቅሏል። ሃያ ደቂቃ ቆሜ አንድ ፎቶ ብቻ አነሳሁ።

ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት የነበረችው የአባቴ ሱቅ ትዝ አለችኝ። መንገድ ሲሰፋ ፈረሰች። ካሜራ ነበረኝ እኮ! "ነገ አነሳታለሁ" ስል አንድም ፎቶ የለኝም። ከእናንተ ውስጥ እዚያ ደጅ ከረሜላ ይዞ ፎቶ የተነሳ ካለ፣ እባካችሁ በኢንቦክስ ላኩልኝ።