በሃይላንድ የሚሰበሰብ ግብር

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ሾኔ ከተማ ውስጥ ባጃጅ እነዳ ነበር። 37 ብር የማይሞላው የቤንዚን ሊትር በአንድ ጊዜ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ምክንያቱን በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ የዋጋ ማረጋጊያ ፈንዱ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል፣ ርካሹ ነዳጅ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል፣ ባለ ቪ8ቱ ከድሃው እኩል ይደጎማል። እውነት ነበር። ዋጋው ሲወደድ ሰው ይቆጥባል፣ የመንግሥት ካዝናም ትንፋሽ ያገኛል አልኩ።

መንገዱ ላይ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። የእኛን ቤንዚን ዋጋ የሚቆርጠው ማደያው አይደለም። ማደያው «የለም» ባለ ቀን ወይ ሃላባ ቁሊቶ ወይ ቦዲቲ ሄዶ መሰለፍ ነው፤ ያ ካልሆነ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ መግዛት። አንዳንዱ ሃይላንድ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል፤ የሚታወቀው ዳገት ላይ ሞተሩ ማሳል ሲጀምር ነው። ሻጩ ማጣትህን ፊትህ ላይ አይቶ ዋጋ ይጠራል። ከማደያው ዋጋ በላይ የከፈልኩት ብር ሁሉ ለእኔ የነዳጅ ግብር ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ግን አይደርስም፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከነዳጅ ሽያጭ ለጥገና የሚሰበስበው የመንገድ ፈንድም ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመው ድጎማም ቢሆን ማደያ ላይ በቴሌብር ለሚቀዳ ነበር፤ ሃይላንድ ድጎማ አያውቅም።

ቁጠባውስ? ሦስት ሰው የምንጭነው አራት መጫን ጀመርን። በገበያ ቀን አንዲት እናት በቆሏቸውን ሊያስጭኑ መጥተው ሒሳቡን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እህሉ ራሱ ይህን ያወጣልኛል?» ብለው ጋሪ ፍለጋ ሄዱ። እሳቸው ቆጠቡ ከተባለ ቆጠቡ። ትርፍ ጉዞ ኖሯቸው ግን አልነበረም፤ ገበያ ካልወጡ ጨው የለም።

በ2017 ዓ.ም. ሊትሩ መቶ ብር አለፈ፤ ከማደያ ውጪ መቸርቸርን በእስር የሚቀጣ አዋጅም ወጣ። እኛ ሰፈር ሃይላንዱ ከመንገድ ዳር ወደ ጓሮ ገባ፣ የሻጩ ፍርሃትም ዋጋው ላይ ተጨመረ።

ነዳጅ ላይ ግብር አይጣል አልልም፤ ያልተጠገነውን የመንገድ ጉድጓድ በየቀኑ የምንረግጠው እኛ ነን። ቦቴው ሾኔ የገባበት ቀንና ያራገፈው ሊትር ማደያው በር ላይ ይለጠፍልን፣ ቀጂው በሰሌዳ ቁጥሩ ይመዝገብ። ይህ ከሆነ በኋላ ጨምሩ ብንባል እጨምራለሁ።