ስለ መኪና ጎማ አመራረጥ

ለቤተ ሰብ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ ሳይመረመር የሚገዛ ቢኖር የመኪና ጎማ ነው። እህል ስንሸምት ዘግነን እናያለን፤ ጋቢ ስንገዛ ድሩንና ማጉን እንዳስሳለን። ጎማ ግን አዲስ ከመሰለን ዋጋውን ብቻ ጠይቀን እንወስዳለን። ይሁን እንጂ አባትን፣ እናትንና ልጆችን ተሸክሞ መንገዱን የሚነካው የእያንዳንዱ ጎማ ገላ ከአንድ መዳፍ ብዙም የሚበልጥ አይደለም።

እኛ በደባርቅ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር አቅልለን ልናየው አንችልም። ወደ ጎንደር ለመውረድ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለብን። በሰሜን በኩል በጣልያን ወረራ ዘመን የተጠረገው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሚወጣው የፓርኩ መንገድ ደግሞ ጎማ የሚበላ ጠጠር የበዛበት ነው። የጊች ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ከመስፈራቸው አስቀድሞ፣ ከመኪናው መንገድ እስከ መንደራቸው የሚሄዱት በእግርና በበቅሎ ነበር። ዛሬ ከእነርሱ ጋር ጎረቤታሞች ነን፤ በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር በራችንን ይመታሉ። ስለዚህ አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላችን የቤታችን ብቻ አይደለችም።

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. የፊተኞቹ ሁለት ጎማዎች ጥርሳቸው ሊያልቅ ስለ ተቃረበ፣ ለመለወጥ ወደ ጎንደር ወረድን። ገንዘባችን የሚበቃው ለሁለት ጎማ ብቻ ነበር። አንድ ነጋዴ ጥርሱ ያልተነካ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ አውጥቶ «የዘንድሮ ነው፤ 17 የሚል ተጽፎበታል» አለን። በእርግጥም በጎኑ ላይ 2617 የሚል ቁጥር ነበረበት። ነገር ግን ከእነዚህ አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ አቆጣጠሩም የአውሮፓውያን ነው። 2617 ማለት በእነርሱ የ2017 ዓመት 26ኛው ሳምንት፣ በእኛ ደግሞ ሰኔ 2009 ዓ.ም. ማለት ነው። የዘንድሮ የተባለው ጎማ ከተሠራ ሰባት ዓመት አልፎታል። ነጋዴው ሊያታልለን አስቦ ነው ብለን አንፈርድም፤ የአቆጣጠሩን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ሁሉ እንዲሁ ሊል ይችላልና።

ላስቲክ በመጋዘን ቢቀመጥም ያረጃል። ሙቀት፣ ፀሐይና አየር ያደርቁታል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ብዙ መኪና ሠሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ የጎማ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ጥርሱ ባያልቅም እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ያሳስባሉ። ስለዚህ ነጋዴውን አመስግነን ወደ ሌላ ሱቅ ሄድን፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ከተሠራ ዓመት ያልሞላውን ገዛን።

ሁለተኛው መመርመር ያለበት ነገር ልኩ ነው። በመኪናችን ጎማ ላይ 175/70 አር 13 82 ቲ የሚል ተጽፏል። 175 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ያመለክታል፤ አር አሠራሩን፣ 13 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። 82 አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም እንዲሸከም፣ ቲ ደግሞ በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር እንዲችል መሠራቱን የሚገልጹ ምልክቶች ናቸው። የመሸከም ቁጥሩ ከታዘዘው ያነሰ ጎማ በርካሽ ቢገኝ እንኳ፣ ሰውና እህል ጭኖ አቀበት ለሚወጣ ቤተ ሰብ አይሆንም።

ጎሚስታው አዲሶቹን ከፊት ሊያስራቸው ፈለገ፤ መኪናዪቱን የሚስባት የፊት እግሯ ነውና። እኛ ግን ደኅነኞቹን የኋላ ጎማዎች ወደ ፊት አምጥቶ አዲሶቹን ከኋላ እንዲያስር ለመንነው። ምክንያቱም በዝናብ ጊዜ የፊቱ ቢንሸራተት ነጂው በመሪው ያውቀዋል፤ ፍጥነቱን ቀንሶም ይመልሰዋል። የኋላው ከተንሸራተተ ግን መኪናዪቱ ትዞራለች፤ ይህ በሊማሊሞ ጥግ ላይ ቢደርስ የሚያስከትለውን አንባቢ ያስበው።

ያለቁት ጎማዎች አልተጣሉም፤ በረባሶ ለሚሠራ ሰው ሰጠናቸው። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር የደረሰ ጎማ ለጫማ ይበቃል፤ ለመንገድ ግን አይበቃም።

እንግዲህ መኪና ያላችሁ ቤተ ሰቦች፣ ከመግዛታችሁ በፊት አራቱን አኃዞች አንብቡ፤ ከገዛችሁም በኋላ ነፋሱን በየወሩ፣ ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ አስለኩ፤ ልኩም በነጂው በር አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ስኮርታውን አትርሱ፤ እርሱም ያረጃልና።