ራዳሩ ያየውን አፍዴራ ለምን አልሰማም?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ከአፍዴራ ጨው የሚጭነው የአክስቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ፈንድቷል። መጀመሪያ ቦንብ መስሎን ነበር። አሁን አመድ እየዘነበብን ነው፤ በቀን መብራት አብርቼ ነው የምነዳው» አለኝ። አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ስለነበር ድምፁ እየታፈነ ነው የሚሰማኝ።

የፈነዳው ሃይሊ ጉቢ ነው። ከኤርታሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ፣ ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱ የተጻፈ ታሪክ ያልነበረው ተራራ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ በማግስቱ ማታ ሕንድ ደረሰ። እዚያ በረራዎች ተሰረዙ። የዓለም ዜናም በአብዛኛው ስለ በረራዎቹ ሆነ።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ከአራት ወር በፊት፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታሌ ሲፈነዳ፣ የራዳር ሳተላይት ምስሎች ቅልጥ ዐለቱ ከመሬት በታች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዞ ሃይሊ ጉቢ ሥር መድረሱን አሳይተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ ወደ መሬት የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ የሚመለሰውን ይመዘግባል። ከቀናት በኋላ በዚያው መንገድ ሲያልፍ እንደገና ይለካል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ መሬቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር እንኳ ካበጠ ወይም ከሰመጠ ይታወቃል። ጨለማም ደመናም አያግደውም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. እዚያው አፋር፣ ዳባሁ አጠገብ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት እስከ 8 ሜትር ሲከፈት የክስተቱ ስፋት በግልጽ የታየው በዚሁ ዘዴ ነው።

«ታዲያ ሳይንቲስቶቹ ቀኑን ያውቁ ነበር?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ አያውቁም። ራዳር ቅልጥ ዐለቱ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ መቼ እንደሚፈነዳ አይናገርም። በሁለት ጉዞዎቹ መካከል ባሉት ቀናት ደግሞ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ያንን ክፍተት የሚሞላው በመሬት ላይ የሚተከለው የመንቀጥቀጥ መለኪያ ነው። ቅልጥ ዐለት ሲንቀሳቀስ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ መለኪያው ቀን ከሌት ያዳምጣል። ጥቃቅኑን ንዝረት ለመስማትና ከየት እንደመጣ ለመለየት ግን ቅርብ የሆኑ በርካታ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። በዚያ በረሃ ያሉት ጥቂት ናቸው።

አሁን ራሳችንን እንታዘብ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬት ሲናወጥ እኔም ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ መብራቱ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ሌሊት ልጆች ይዘን ደረጃ ወርደናል። አገር ሁሉ ስለ ጉዳዩ አወራ፤ በአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሡ። የተፈራው ትልቅ ፍንዳታ ግን አልመጣም። ማንም «በከንቱ ነው የተነሡት» ማለት የለበትም፤ ማስጠንቀቂያ ማለት እርግጠኝነት አይደለም። ሃይሊ ጉቢ ግን የአዲስ አበባን አልጋ አልነቀነቀም። ስለዚህ አልጠየቅንም።

ያ ልጅ ከሳምንት በኋላ መጥቶ ቤቴ ቡና እየጠጣን «ሐምሌ ላይ ስለ ተራራው የነገራችሁ ሰው ነበር?» አልኩት። «ማን ይነግረናል ጋሼ?» አለኝ። ቀጥሎ ስለ አርብቶ አደሮቹ አወራኝ፤ ግጦሹ አመድ ለብሶ ከብቶቹ የሚበሉት እንዳጡ።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ከእሳተ ገሞራዎቹ አጠገብ የመንቀጥቀጥ መለኪያዎች ይጨመሩ። የራዳሩ ምስል ሲወጣ አይቶ ወደ ወረዳው የሚደውል፣ ኃላፊነቱ የተሰጠው ሰው ይኑር። መልእክቱም በአፋርኛ ይድረስ፦ ወደ ተራራው አትጠጉ፣ ውኃችሁን ክደኑ፣ አመድ ከዘነበ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከብቱን ከአመዱ አርቁ። ይህን ለማለት የፍንዳታውን ሰዓት ማወቅ አያስፈልግም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ሐምሌ ላይ በእጃችን ነበር። የሚቀጥለው ተራራ ሲያብጥ ግን ለአፍዴራ ማን ይደውላል?