ባለ ጫማው ሸክም

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ ካልወጣን እንዲህ ያለ ብርሃን አይገኝም» ብሎ በጠዋት ቀሰቀሰኝ። ከፈረንሳይ ሰፈር ወርደን በሽሮ ሜዳ በኩል ታክሲ ይዘን እንጦጦ ወጣን። ጓደኞቹ ፓርኩ በር ላይ ይጠብቁናል፤ አንዱ የወንድሙን ስልክ ተውሶ፣ ሌላው ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ። ጥበቃዋ የጀሪካኑን ክዳን ከፍታ አሸተተችና «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለች። «እሱም ተዋናይ ነው» አሏት። ስቃ አሳለፈችን።

ስልኩን ከባሕር ዛፎቹ ሥር በድንጋይ አስደግፈው አቆሙት። ከዚያ በኋላ ስልኩን የነካ ወዮለት። አንደኛው ልጅ ከደረጃው ጫፍ ይዘላል። ቀጥሎ ጀሪካኑ ልክ እሱ በደረሰበት ከፍታ ይወረወራል። በመጨረሻ ማንም የሌለበት ባዶ ቦታ ለብቻው ይቀረጻል፤ በኋላ የሚደበቀውን ሁሉ የሚሸፍነው እሱ ነው። ስልኩ የጣት ያህል ቢንቀሳቀስ ዛፉ ይዘላል፣ ውሸቱም ይታወቃል።

ማታ ካፕከት በሚባል የስልክ ማቀናበሪያ ቀጥለው አሳዩኝ። ልጁ ይዘላል፣ አየር ላይ ጀሪካን ይሆናል፤ ጀሪካኑ መሬት ሲነካ ሰማያዊ ሚኒባስ ይሆናል፤ የሚኒባሱ በር ሲከፈት ያው ልጅ ብዙ ሆኖ እንደ ድንች ይዘረገፋል። ከኋላ የረዳት ድምፅ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! የሞላ!» ይላል። ሁሉም ነገር ዐሥር ሰከንድ አይሞላም። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅም መልስ አላገኝም ነበር።

«ከሕንዶቹ ነው የተማርነው» አለኝ የእህቴ ልጅ። እውነቱን ነው። የሕንድ ገጠር ወጣቶች ኪነማስተር በሚባል የስልክ ማቀናበሪያ ሰውን ወደ መኪና፣ መኪናውን ወደ ሐብሐብ ሲለውጡ ከርመዋል። አገራቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ቲክቶክን ብትዘጋም ሥራቸው በሌሎች መድረኮች ዓለምን ዞሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። ብልሃቱ ግን ከነሱም ይቀድማል። ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ዦርዥ ሜሊየስ ፓሪስ አደባባይ ላይ ሲቀርጽ ካሜራው ተቀርቅሮ ቆመበት፤ አስነስቶ ቀጠለ። ፊልሙን ሲያየው ሰው የጫነው ጋሪ ድንገት የሬሳ ጋሪ ሆነ። ታሪኩን ያወራው ራሱ ሜሊየስ ነው፤ ትንሽ ቀባብቶት ሊሆን ይችላል። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1896 ነው፤ እኛ አድዋ ላይ የዋልንበት ዓመት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ፈተና ደርሷል ተብሎ ስልኩ በእናቱ ቢቀማም ልጁ የኔን ስልክ ይዞ ሶፋዬ ላይ ተጋድሟል። ዘንድሮ ዓለምን ያጥለቀለቁትን ባለ ጣልያንኛ ስም ፍጡራን እያሳየኝ ነው። ትራላሌሮ ትራላላ ሦስት እግር ያለው፣ ሰማያዊ ስኒከር ያደረገ ሻርክ ነው። ባለሪና ካፑቺና ጭንቅላቷ የካፑቺኖ ስኒ ነው። ቦምባርዲሮ ክሮኮዲሎ ግማሹ አዞ፣ ግማሹ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን። ሁሉንም የሳለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ አንድ የማሽን ድምፅ ደግሞ ጣልያንኛ በሚመስል ቋንቋ ቤት ያስመታላቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ሳቅሁ። ቀጥዬ አዛጋሁ። አዞው ሲመጣ ግን ቀና አልሁ፤ ጣልያንኛ የሚናገር ቦምብ ጣይ እዚህ አገር ለቀልድ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። አያቴ የ1928ቱን የጣልያን አውሮፕላን እያሰበች እስክትሞት ድረስ ሰማይ ሲያጉረመርም በረንዳ ላይ አትቆምም ነበር። ለልጁ ነገርሁት። «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! ፈታ በልበት እንጂ» አለኝ።

ከመካከላቸው የወደድሁት ቱንግ ቱንግ ቱንግ ሳሁርን ነው። ዓይን ያወጣ ግንድ ነው፤ በእጁ ዱላ ይዟል። የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው። «ቱንግ ቱንግ» በረመዳን ሌሊት ሰፈሩን ለሱሑር የሚቀሰቅሰው የከበሮ ድምፅ ሲሆን፣ ተጠርቶ ያልተነሣን ሰው ግንዱ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። ሻርኩ ከየትም አልመጣም፤ ስለዚህ የትም አይሄድም። ግንዱ ግን ከሰው ሰፈር የወጣ ነው። እንቅልፉ ጥሞት ሱሑር ያመለጠው ሰው ፍርሃቱንም ሳቁንም ያውቀዋል። ሰው ማሽኑን ሻርክና ጫማ አገናኝልኝ ቢለው ያገናኝለታል፤ ዝባዝንኬ በየደቂቃው ይወለዳል። አስቂኝ ዝባዝንኬ ግን ቀድሞ የታየ ነገር ይፈልጋል። ይህንንም ነገርሁት፤ እንቅልፍ ወስዶታል።

እሑድ፣ ግንቦት 24

የሰኔ ጾም ሊገባ ሳምንት ብቻ ስለቀረው ሠርገኛው ይጣደፋል። እንጦጦ ላይ በየጥጉ ቬሎ ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ሙሽራ ሁሉ ፎቶ ለመነሳት ወደዚህ ወጥቷል፤ በኛ ዘመን ብሔረ ጽጌ ወይም ጊዮን ነበር። አንድ ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን ከተማው ቁልቁል በሚታይበት ቦታ አቁሞ «ተያዩ... አትሳቁ... ተያዩ» ሲል፣ የኛዎቹ ልጆች ከኋላ ጀሪካናቸውን ይዘው ዘለሉበት። አባረራቸው። ደግ አደረገ፤ የሠርግ ቀን ሥራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ እንጀራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነበር። መጀመሪያ በሁለት የቪኤችኤስ ማጫወቻ፣ በኋላ በኮምፒዩተር። ዛሬ ልጆቹ «የእብድ ኤዲት» የሚሉትን ሁሉ እኛ በሙሉ ልብ፣ በክፍያ እንሠራው ነበር። ጽጌረዳ ይፈነዳል፣ ሙሽሪት ከመሃሉ ብቅ ትላለች። ሙሽራው በወይን ብርጭቆ ውስጥ ይዋኛል። አማት በልብ ቅርጽ ተከበው እየዞሩ ከሰማይ ይወርዳሉ። ደንበኛው ቁጭ ብሎ ያይና «ጥሩ ነው፤ ኢፌክት ግን ጨምርበት» ይላል። ኢፌክት ያነሰበት ሠርግ ድግስ እንዳነሰበት ይቆጠር ነበር።

አንድ አባት መጥተው ልጄንና ባሏን ናያግራ ፏፏቴ ፊት አቁምልኝ አሉኝ። ወንድ ልጃቸው ካናዳ ነበር፤ ለእህቱ ሠርግ መምጣት አልቻለም። «እኛ ሄደን የጎበኘነው ይመስል አድርገው» አሉ። በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀርጸን አስገባናቸው። ሚዜዎቹ ከረባታቸው አረንጓዴ ነበርና ኮምፒዩተሩ ከጨርቁ ጋር አብሮ አጠፋው፤ ናያግራ በየሚዜው አንገት ሥር ይንዶለዶላል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ አየ። ማንም አልሳቀም። አባትየው እንባቸው መጣና «ይላክለት» አሉ።

አሁን የሚመጣው ትውልድ ያንን ቪዲዮ ቢያገኘው ከላዩ ከበድ ያለ ድምፅ ጭኖ፣ የሚዜውን አንገት አስጠግቶ ሚሊዮን ሰው ያስቅበታል። እኔም ሳልስቅ አልቀርም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የኛ ኢፌክት ሰውን ለማክበር ነበር፣ የነሱ ደግሞ ከመጠን በላይ በተከበረው ነገር ሙድ ለመያዝ ነው። ፓርኩ ራሱ በየማስታወቂያው ከመጠን በላይ አምሮ ይታያል። ያን የመሰለ ደረጃ ላይ ጀሪካን ካልዘለለበት የት ይዘላል? አዲስ አበባም ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለችም፤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ያለው ሕዝብ ሥዕል ሲንቀሳቀስ ተቆጥቶም ሰልፍ ይዞም ያውቃል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ልጆቹ የራሳቸውን ፍጡር ሠሩ። በማሽን አላሣሉትም፤ ከእንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል እየቀረጹ ቆራርጠው ገጣጠሙት። አንድ ረጅም እስር እንጨት ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት እግር አለው፤ እግሮቹ ነጭ ስኒከር አድርገዋል። እየዘለለ በንጣፉ መንገድ ይወርዳል፣ የፓርኩን ፈረሰኞች በእጅ ሰላም ይላል፣ በቴሌብር ከፍሎ ዚፕላይን ላይ ይወጣል። አየር ላይ ሆኖ ቅጠሉ ሲበተን በጣም ሳቅሁ። ከጣልያኖቹ ሁሉ በለጠብኝ።

ከዚያ «ከእንጨቱ ሥር ያለችው ማን ናት?» አልኋቸው። ተያዩ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የተወለዱ ናቸው፤ ሥዕሉን ከየት እንዳመጡት እንኳ አያውቁትም። የዚህ ተራራ ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን ሲያሞቅና ሲያበስል፣ ወደ ታች ያወረዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከሠላሳ ኪሎ በላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከኋላ ለሚያያቸው ቅጠሉ ብቻ በሁለት እግር የሚሄድ እስኪመስል ድረስ። ሽሮ ሜዳ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው ይህን በየቀኑ አይቷል። ከነሱ መካከል ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ሽመና የገቡም አሉ።

ጎረቤታችን እማማም ከተሸካሚዎቹ አንዷ ነበሩ። ማታ ቡና ላይ ስልኩን ሰጠኋቸው። ልጆቹ ሳይቆጡን አይቀሩም ብለው በሩ ጋ ቆመዋል። እማማ ስልኩን አርቀው ያዙት፣ አዩት፣ እንደገና አስጀምሩልኝ አሉ።

«ይቺማ እኔ ነኝ» አሉ። «ጫማው ብቻ ነው የኔ ያልሆነው።»

ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ነገር ግን ልጆቼ፣ ዋሽታችኋል። እንጨት ቆሞ አይሄድም፤ ጀርባ ላይ ተጋድሞ ነው። ደግሞ ሸክም አይዘልም። የዘለለ ሸክም ተሸካሚውን ይዞት ነው የሚወድቀው።»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

እማማ አብረውን ወጡ። ጾም ስለሆነ ቆሎ ቋጥረዋል። ፓርክ ከሆነ ወዲህ እንጦጦን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ስለ አበባው ምንም አላሉም፣ ንጣፉን ግን በእግራቸው መታ መታ አድርገው «ይኼ ያኔ ቢኖር» አሉ።

ትምህርቱ ረጅም ነበር። የወደቀ ቅርንጫፍ አስለቅመው አሳሰሩ፤ ወፍራሙ ከታች፣ ቅጠሉ ከውጪ። ጀርባ ላይ ተጋድሞ ሲታሰር ወርዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ስለዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ አንዷ ወደ ጎን መዞር አለባት፤ ማን ትዙር የሚለው ራሱ ሕግ ነበረው፣ ቁልቁል የምትወርደው ቅድሚያ አላት። እርምጃው አጭርና ፈጣን ነው። ማረፍ ሲያምር መሬት ላይ አይቀመጡም፤ ሸክሙን ወገብ በሚደርስ ካብ ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን ሳይፈቱ ይቆማሉ። ፈትቶ የተቀመጠ ብቻውን አይነሣም። «ዘበኛ ሲመጣስ?» አለ አንዱ። «ሲመጣማ ሸክሙ ይዘላል» አሉ።

የእህቴ ልጅ ተሸከመ። ትንሽ ሄዶ ፊቱ ቀላ፤ እማማ ከኋላ «አንገትህን አታቅና! መሬት መሬት እይ!» እያሉ ይከተላሉ። የሚጎበኙ ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። አንዲት ሴትዮ ትርኢት መስሏት ብር ልትሰጥ ቦርሳዋን ስትከፍት እማማ በዓይናቸው መለሷት።

ማታ አዲሱ ተቀነባበረ። ሸክሙ አሁን ተጋድሟል። አጎንብሶ፣ ቶሎ ቶሎ እየረገጠ ይመጣል፤ ፓርኩ በር ጋ ሲደርስ ወርዱ አያስገባውም፤ ይቆማል፣ ወደ ጎን ይዞራል፣ እንደ ሸርጣን ያልፋል። ዚፕላይኑ ጋ ሲደርስ ካብ ፈልጎ ይደገፋል። ከዚያ ነው የሚበርረው። የመጀመሪያው ክሊፕ ቅዠት ብቻ ነበር፤ ይኼኛው ክብደት አለው፣ ሲነሣ ሰውነቴ አብሮ ተነሣ። አቀናባሪ ሆኜ እንደኖርሁ ሰው የምመሰክረው ይህንን ነው። ማንኛውም ማሽን ሸክም ያበርራል፤ በሩ ላይ ወደ ጎን ማዞር ግን ከእማማ በቀር ማንም አላሰበውም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ክሊፑ ከወጣ ወዲህ የልጁ ስልክ ዝም ብሎ አያውቅም። «በድህነት መሳቅ ሼም ነው» የሚል አለ፤ የእህቴ ልጅ ሊመልስ ሲል እናቱ ከለከለችው። «በሩ ጋ ሲዞር ሞትሁ» የሚሉት ይበዛሉ። አንዲት ደግሞ «እናቴ ከገመዱ ሥር ነጠላ አጥፋ ታደርግ ነበር፤ ያንን ረሳችሁት» ብላ ጽፋለች።

ለእማማ አነበብንላቸው። «ነጠላ የነበራት የማን እናት ናት?» አሉና ትንሽ አስበው «ሀብታም ተሸካሚ ትሆናለች» ብለው ደመደሙ።

የሚቀጥለውንም እሳቸው ወስነዋል። ሸክሙ በዚፕላይን ይሄዳል፣ እሳቸው በፈረስ ሆነው ከኋላ ይከተሉታል፤ በኤዲት ሳይሆን በእውነተኛ ፈረስ። ልጆቹ በረንዳዬ ላይ ተሰብስበው የፈረሱን ኪራይ ማን እንደሚከፍል ይጨቃጨቃሉ፤ የሁሉም ዓይን ወደኔ ነው።