የማሽላ ጉልባን በማስቀት

ስለ ማስቀት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የባሕር በሯን ከሚጠብቁት ሁለት ምሽጎች፣ ከአል ጀላሊና ከአል ሚራኒ ይጀምራሉ። እኔ ግን በ2017 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማትን በዚያች ከተማ ባሳለፍሁ ጊዜ በልቤ የቀረው አንድ ድስት ንፍሮ ነው።

በእንግድነት የተቀበሉኝ በሩዊ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ሩዊ ሱልጣን ቃቡስ በሰጡት መሬት ላይ የታነጹ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙበት ሰፈር ነው። በዚያ ዓመት የአይሁድ ፋሲካና የእኛ ሕማማት በአንድ ሳምንት ስለ ዋሉ፣ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን የሚኖሩ አይሁዳዊት ጎረቤታቸውን ለጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ሚያዝያ 9 ቀን፣ ጠርተዋቸው ነበር። እኒህ መምህርት የዘር ሐረጋቸው ከባግዳድ ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ከዳውድ ፓሻ ግፍ የሸሹ የባግዳድ አይሁድ በማስቀት መጠጊያ ማግኘታቸውን እንግሊዛዊው መኮንን ዌልስተድ ጽፏል።

ችግሩ ግን ማዕዱ ላይ ነበር። መምህርቷ ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለባቸው፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀታቸውን ይጎዳል። ጉልባን ደግሞ የስንዴና የባቄላ ክክ ንፍሮ ነው። የቤቱ እመቤት ተጨንቃ፣ «አባ፣ እናቴ ያለ ስንዴ ሠርታው አታውቅም። ስንዴው ከወጣ ምኑ ጉልባን ይሆናል?» አለችኝ።

ጉልባን የሚያስታውሰው እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ሳይጠብቁ ቂጣና ንፍሮ መብላታቸውን እንደ ሆነ አባቶቻችን ያስተምራሉ። መታሰቢያው ለመንገዱ እንጂ ለስንዴው አይደለም አልኋት። በአይሁድ ሕግም ቢሆን የተቀቀለ ስንዴ እንደ ቦካ ስለሚቆጠር በፋሲካ አይበላም። ማሽላ ከሁለቱም ክልከላ ነፃ ነው። ከአውሮፓ የመጡ አይሁድ ብዙዎቹ በፋሲካ ሩዝና ባቄላ አይበሉም፤ የመምህርቷ ቤተሰብ ልማድ ግን እንደሚፈቅድ አስቀድመን ጠየቅናቸው።

ረቡዕ ዕለት ሕንዶቹ «ጆዋር» የሚሉትን ማሽላ ከእህል መደብር፣ አዲስ ድስት ደግሞ ከመጥራሕ ገበያ ገዛን። ድስቱ ለሕጋቸው እርሾ ያልነካው፣ ለሕመማቸው ስንዴ ያልነካው ሆነ። ማሽላውን በሰፌድ ሦስት ጊዜ ለቀምነው። መምህርቷ ይህን ሲሰሙ፣ አያታቸውም ለፋሲካ ሩዙን ሦስት ጊዜ ይለቅሙ እንደ ነበር ነገሩን።

ማሽላውና ክኩ ለየብቻ ተዘፍዝፈው አደሩ። ክኩ ቶሎ ስለሚበስል ለየብቻ ተቀቀሉ፤ ማሽላው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ውኃው ተጠንፍፎ ሲቀዘቅዝ በጨው፣ በሎሚ፣ በተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ተለወሰ።

ማታ ከጸሎት ስንመለስ መምህርቷ ከማዕዱ ቀረቡ። በሰው ቤት ሁሉ አስቀድመው «ምን አለበት?» ብለው መጠየቅ ልማዳቸው ነው፤ በዚያች ማታ ግን ሳይጠይቁ በሉ። እመቤቲቱ፣ «እናቴ ብታየው ምን ትል ይሆን?» እያለች ሁለተኛ ጨለፈችላቸው።

ተሳላሚ ምዕመናን ሆይ፣ ከእናንተም መካከል ይህ ሕመም ያለበት አይጠፋም። ለመጋቢው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ድስቱም ጭልፋውም ለብቻው ይሆናል። በማዕዳችን ላይ ማንም ፈርቶ ባዶ ሆዱን አይቀመጥ።