አንዲት ንግሥት ትበቃኝ ነበር

በዚህ ዓመት በከተማችን በሐዋሳ በተደረገው የወጣቶች የቼዝ ውድድር ከተካፈሉት ተማሪዎች አንዱ ነበርሁ። በመጨረሻው ጨዋታ ሙሉ 1 ነጥብ ካገኘሁ አንደኛ እወጣለሁ፤ ግማሽ ነጥብ ብቻ ካገኘሁ ግን ዋንጫው ለሌላ ይሆናል። ተጋጣሚዬ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፥ ዐይኑን ከሰሌዳው የማያነሣ ዝምተኛ ልጅ ነበር።

ከብዙ ትግል በኋላ ለእርሱ ንጉሡ ብቻውን ቀረ። እኔ ግን ከንጉሤ ሌላ ንግሥቴና አንድ ወታደር ነበሩኝ፤ ወታደሩም የሰሌዳው ጫፍ ለመድረስ አንድ ቤት ብቻ ቀርቶት ነበር። ጫፍ የደረሰ ወታደር ንግሥት ለመሆን ይችላል። በእጄ ባለችው ንግሥት ረጋ ብዬ ብጫወት ማሸነፌ አይቀርም ነበር። ይሁን እንጂ ከኋላዬ የቆሙት ጓደኞቼ እንዲያደንቁኝ ሁለተኛ ንግሥት ተመኘሁ። ፈገግ ብዬ ወደ እነርሱ ዞር አልሁና ወታደሩን ገፍቼ አነገሥሁት።

ልጁ ሰሌዳውን ለረዥም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያም በቀስታ፥ «መሄጃ የለኝም» አለ። ዳኛው ቀርቦ አየ። ንጉሡ ቼክ አልተባለም፤ ነገር ግን ቀርታለት የነበረችውን አንዲት መውጫ አዲሲቱ ንግሥቴ ዘግታበታለች። በቼዝ ሕግ እንዲህ ሲሆን ጨዋታው እኩል ለእኩል ይፈጸማል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ልጁ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ።

ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳር ስመለስ ስለ አባቶቻችን ሰንጠረዥ ያነበብሁት ትዝ አለኝ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበር የጎበኟቸው አውሮጳውያን ጽፈዋል። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን ሙያ አልነበረም፤ በምን እንዳሸነፉም ይታይ ነበር። በኃይለኛው በፈረስ ንጉሥን መማረክ እምብዛም ሳያስመሰግን፥ በደካሞቹ መማረክ ግን ያስደንቅ ነበር። እኔ በሐዋሳ የፈለግሁት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ባለኝ ማሸነፍ ስችል ኃይሌን ለማሳየት ሌላ ኃይል ጨመርሁ።

እንግዲህ ከእኔ በኋላ በዚያ ሰሌዳ ፊት የምትቀመጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከሚሸነፈው ይልቅ የሚያሸንፈው ይጠንቀቅ። የሚሸነፈው እያንዳንዱን ቤት ይመረምራል፤ የሚያሸንፈው ግን ዐይኑ ወደ ተመልካቹ ይሄድበታል።