እማዬ አንዱን ቁልፍ ስትጠይቀኝ…

ቁልፍ ስላችሁ የበር ቁልፍ እንዳይመስላችሁ! የሸሚዝ፣ የኮት፣ የቀሚስ ቁልፍ ነው የማወራችሁ። መጽሐፍ «አዝራር» ይለዋል። እኛ ሰፈር ግን ሱቅ ገብታችሁ «አዝራር አለ?» ብትሉ ባለሱቁ ቀና ብሎ ያያችኋል (የአማርኛ መምህር ናችሁ እንዴ በሚል)። ስለዚህ ቁልፍ እያልኩ ልቀጥል።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። መርካቶ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር የምትሠራውን ሲንጀር መኪናዋን ዘርግታ ከሃያ ዓመት በላይ ሰፍታለች። የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ የሰልባጅ ኮት እያጠበበች ነው እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን። እኔም 12ኛን ጨርሼ ውጤቱ እንደተመኘሁት ሳይሆን ሲቀር ከጎኗ በርጩማ ስቤ ቁልፍ መትከል ያዝኩ። ታዲያላችሁ በረንዳው ላይ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ልብሱ አልቆ የወለል መወልወያ ቢሆን እንኳ ቁልፉ ሳይቆረጥ አይጣልም። የተቆረጠው ሁሉ ኒዶ ጣሳ ውስጥ ይገባል። አንዱ ሲሞላ ሌላ ኒዶ ይመጣል። እኛ ቤት የዱቄት ወተት የሚጠጣ ኖሮ እንዳይመስላችሁ፤ ባዶ ጣሳዎቹም የተገዙት ከምናለሽ ተራ ነው። (ምናለሽ ተራ ያው «ምን አለሽ?» ማለት ነው። ያገለገለ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ቆርቆሮና ሽቦ ተሰብስቦ የሚሸጥበት፣ ተቀጥቅጦም ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት የመርካቶ ጓዳ።)

ከሦስት ዓመት በፊት ዓይኗ ደከመ። መጀመሪያ መርፌው ክር አልገባ አላት፤ ቀጥሎ ከጎን የሚመጣ ሰው እየገጫት ማለፍ ጀመረ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግላኮማ ነው አሉን። ጠብታው የቀረውን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። መኪናዋ ተሸጠች። ከዚያ በኋላ የእማዬ ሥራ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ መስማት ሆነ። አትናገርም፣ አታማርርም። እሱ ነው የከበደኝ።

እኔ ደግሞ በወር የምጽፋት ሁለት ሦስት ጽሑፍ የወሩን ጤፍ እንኳ አትሸፍንም። አንድ ቀን ቤት ስጠርግ መጥረጊያዬ አልጋ ሥር ካሉት ሦስት ጣሳዎች ጋር ተጋጨ። ሀብት የጠራኝ መሰለኝ!

መጀመሪያ የሠራሁት አምባር ነው። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ቀላል ነው። ለአንድ እጅ ሠላሳ የሚሆን የሸሚዝ ቁልፍ ይበቃል። ቀጭን ላስቲክ ከአንደኛው ቀዳዳ ከሥር ወደ ላይ፣ ከሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ታስገባላችሁ። ቀጣዩ ቁልፍ የፊተኛውን ግማሽ እየደረበ ሲሄድ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራረባል። ነጭና ክሬም ብቻ ብትደረድሩ ከሀበሻ ቀሚስ ጋር ይሄዳል፤ ቀለም ከፈለጋችሁ የቀሚሱን ጥለት አይታችሁ ምረጡ። መጨረሻውን ሁለት ጊዜ ቋጥሩና ቋጠሮውን አንዱ ቁልፍ ሥር ደብቁት። በቃ።

ቀጥዬ ሰልባጅ ጃኬት ያዝኩ። ሰልባጅ ስትገዙ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚያወርድላችሁ የጎደለ ቁልፍ ነው። ሰው ታዲያ ተመሳሳዩን ፍለጋ መርካቶን ሲዞር ይውላል። እኔ የምለው፣ ለምን ተመሳሳይ? ስድስቱንም ቁረጡና ስድስት የማይመሳሰሉ ትከሉ። ስፋታቸው ብቻ እኩል ይሁን፤ ቀዳዳው እንደ ልባችሁ አይሰፋም። ኮቱ ወፍራም ከሆነ ቁልፉ አናት ላይ የክብሪት እንጨት አስቀምጣችሁ በላዩ ስፉ። ስትጨርሱ እንጨቱን ምዘዙት፤ ቁልፉ ከጨርቁ ከፍ ይላል። በተረፈው ክር አንገቱን አራት አምስት ጊዜ ጠምጥሙና ቋጥሩ። ይህ የእማዬ ዘዴ ነው። ያለዚህ ኮቱ በተቆለፈ ቁጥር ይጨማደዳል።

ሦስተኛው የፎቶ ፍሬም ነበር። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

ወፍራም ካርቶን ቆረጥኩና ዙሪያውን ቁልፍ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩበት። መርፌ የለ፣ ክር የለ፤ በአንድ ማታ አራት ፍሬም! ትልልቆቹንና ያማሩትን መርጬ ከላይ መሐል መሐሉን አስቀመጥኩ። አንደኛው ፍሬም ላይ ቡናማና ጥቁር የተቀላቀለባት፣ ጭስ የምትመስል ትልቅ ቁልፍ አሳረፍኩ። ምን የመሰለች! በሳምንቱ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ የሠርግ ስጦታ ብላ ገዛችኝ። እኔም በገንዘቡ ዘይት ገዛሁ።

እማዬ ማታ ማታ ጣሳ ታስመጣና እጇን ትከትበታለች። እህል የምትለቅም ነው የምትመስለው። ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አንድ ማታ ግን ሦስቱንም ጣሳ ነጠላዋ ላይ ገለበጠች። ፈለገች። እንደገና ፈለገች።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺ የቀንዷ የት ሄደች?»

«የቷ የቀንድ?»

«የአባትሽ።»

አባቴ ሲያርፍ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የነበረው አንድ ደህና ኮት ለአጎቴ ይሰጥ ተባለ። እማዬ ከመስጠቷ በፊት በሌሊት ተነስታ ሦስቱን የቀንድ ቁልፎች ቆርጣ በቦታቸው ፕላስቲክ ተክላለች። አጎቴ እስከ ዛሬ አያውቅም (ይህን ካነበበ ይቅርታ ያድርግልን)። ሁለቱን ኋላ በችግር ጊዜ ለደንበኛ ኮት አዋለቻቸው። አንዷ ቀረች። ለካስ ማታ ማታ የምትፈልጋት እሷን ኖሯል! አግኝታ በጣቷ ትዳስሳትና መልሳ ትከታታለች። የአባቴን ፎቶ ካሁን በኋላ ማየት አትችልም፤ ቁልፏን ግን ጠርዟ ላይ ባለችው ጭረት ለይታ ታውቃታለች።

ምን ልበላችሁ… መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዋሸሁ። «አልጋ ሥር ወድቃ ይሆናል፣ ነገ በብርሃን እፈልጋታለሁ» አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

በማግስቱ ገዢዋን በስልክ አገኘኋት። እሷ ደግሞ ወደ ሙሽሪት መራችኝ። እስቲ አስቡት፣ የማታውቋት ሙሽራ ቤት ሄዳችሁ «የተሰጠሽን ስጦታ መልሺልኝ» እንዴት ይባላል? ሌላ አዲስ ፍሬምና አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ እግዜር ይስጣት፣ ጉዳዩን ስነግራት አንድ ቃል ሳትመልስ የሠርግ ፎቶዋን አውጥታ ፍሬሙን በእጄ ሰጠችኝ።

ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ታክሲ ውስጥ በጥፍሬ ልነቅላት ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። ቤት ስገባ የቢላ ጫፍ ከሥሯ አስገባሁ። ቀጭ! ለሁለት ተሰነጠቀች።

ግማሾቹን እማዬ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ውሸቴንም ጭምር። ብዙ ዝም አለች። በአውራ ጣቷ ስንጥቁን ዳሰሰችው። ከዚያ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ሰፍተሻት ቢሆን ክሯን በምላጭ ትቆርጪው ነበር።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እናንተም የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ የቁልፍ ጣሳ እጃችሁ ከገባ ሙጫ አታስጠጉበት። ካርቶኑን በወስፌ ብሱትና ቁልፉን በክር ስፉበት። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። ግን አንድ ቀን ቁልፉን የሚፈልገው ሰው ቢመጣ ክሩን ፈትታችሁ ትመልሱለታላችሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጣሳውን ነጠላ ላይ ገልብጡና ባለቤቱን ጠይቁ። «ይቺስ የማን ናት?» ለማለት ምን ይከፈላል? እኔ ሳልጠይቅ ነው አራት ፍሬም የለጠፍኩት።

ደግሞ በክር መሥራት ኋላ ቀርነት እንዳይመስላችሁ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀ ሰው ነው። ሌላው የሚጥለውን ቁልፍ፣ ቆርኪና ክር ሰብስቦ ሸራ ላይ በመርፌ እየሰፋ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎችን ሠርቷል። ከመርካቶ የሚለቅመውን የኮምፒውተር ቦርድና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገጣጠመ ዓለም ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ፣ ሳንታ ሞኒካ ሙዚየም ያሳየው ኤግዚቢሽን ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» ይሆናል። ይህን ለእማዬ ነገርኳት። «መርፌው እንኳ ዓይን አለው በይኛ!» ብላ ሳቀች። መኪናዋ ከተሸጠች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ነገር ማማረሯን ስትተው ወሬ ወዳጅ ናትና የለንደኑንም ጨመርኩላት። ሄንሪ ክሮፍት የሚባል፣ በወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ያደገ መንገድ ጠራጊ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የገበያ ቸርቻሪዎች ልብሳቸው ጠርዝ ላይ የዛጎል ቁልፍ ሲደረድሩ ያይና እሱ ባሰ፤ ልብሱን ከላይ እስከ ታች በነጭ ቁልፍ ሸፈነው። ሰው ሊያየው ሲሰበሰብ ለሆስፒታልና ለችግረኛ ገንዘብ ይሰበስብበታል። ወጉን የወረሱት «የዕንቁ ነገሥታት» ዛሬም ለንደን ውስጥ አሉ። እማዬ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው፤ «ያንን ሁሉ ማን ተከለለት?»

አሁን የምንሠራው ሁለታችን ነን። እሷ ትለያለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ከንፈሯ ላይ አስነክታ ቀዝቀዝ ካላት «ዛጎል ነው» ትላለች፤ ፕላስቲክ እንደዚያ አይቀዘቅዝም። ቀንድ መሆኑን ከተጠራጠረች መርፌ አግዬ ከጀርባው በኩል እንድነካው ታደርገኛለች። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ቀንድ ነው። ፕላስቲኩን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እናጥባለን፤ ቀንድና እንጨት ግን አይዘፈዘፍም፣ ይጣመማል። አምባር ስሠራ አንድ በአንድ ታቀብለኛለች። «ይሄን ስፊው። ይሄን ተይው።» የተተወው ከየት እንደመጣ አንዳንዴ ትነግረኛለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች።

ከሁሉ የወደደችው ግን የማይሸጠውን ነው። የሠላሳ እንቁላል መያዣ ካርቶን ታውቃላችሁ አይደል? ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸው አምስት ረድፎች አሉት። ሁለቱን ረድፍ ቁረጡ፤ 12 ጉድጓድ ሆነ። በየጉድጓዱ አራት አራት ስታደርጉ 48 ቁልፍ። ገበጣ! ዳማ የሚመቻችሁ 12 ነጭና 12 ጥቁር ቁጠሩ፤ ቆርኪ ፍለጋ ግሮሰሪ ደጅ መቆም ቀረ። እማዬ ዳማ አትችልም፣ ሰሌዳውን ማየት ይፈልጋል። ለገበጣ ግን ጣት ይበቃል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይሸነፋል፤ እኔማ አልነገራችሁ።

የቀንዷ ቁልፍ አራት ቀዳዳ ነበራት። ስንጥቁ መሐል ለመሐል ስላለፈ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ደርሶታል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ግማሽ እማዬ ጋቢ ጠርዝ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጣቷ በሚደርስበት ቦታ ሰፋሁላት። ሁለተኛውን ለወንድሜ እሰጣለሁ ብዬ ሳስብ «አይ፣ አንቺ ኮት ላይ ይሁን» አለች። በጥቁር ድርብ ክር ከውስጥ ኪሴ በላይ ተከልኩት። ስጨርስ ኮቱን ተቀበለችኝና ቁልፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው።

«ላልቷል» አለች። «ፍቺና ድገሚው።»